የቀለለው ድስት

ጥቅምት 6

ሎሚ እጨምራለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ለሲስተር አልነገርኩም። ለምግብ ባለሙያዋ አልነገርኩም። ለገዛ ልጄም ትንፍሽ አላልኩም። ለኩላሊት ሕሙማኑ ልጆች የተሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ ጨው የለም፣ ቲማቲም የለም፣ ድንች ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፣ ከተፈቀደው ሌላ ጠብ አይልበትም። እኔ ግን ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት የተቀቀለውን ድንች ድስቱ ውስጥ አድርጌ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ከነድስቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሳሞቀው ኮምጣጣነቱ ይለሰልሳል፣ ልጆቹ ሎሚ መሆኑን አያውቁትም። «የአባባ ድንች» ነው የሚሉት።

ጥፋት ነው? ነው። ይህን የሆስፒታል ወጥ ቤት ከያዝኩ ጀምሮ ስሠራው ኖሬአለሁ። ግን እስቲ ሁለት ጊዜ የተቀቀለ ጨው አልባ ድንች ቅመሱ። የታጠበ ጨርቅ ማኘክ ነው። ልጁ አፉ ውስጥ ይዞት ይቀራል፤ አይውጠው፣ አይተፋው። ያን ዓይነት አፍ በሚስቴ አውቀዋለሁ። ለእሷም ያደረግኩት ይህንኑ ነበር።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ዛሬ ሩዝ፣ የእንቁላል ነጭ፣ ድንች። ጠርገው በሉ። አለቃዬ ሳህኗን ገልብጣ አሳየችኝ። አለቃዬ የምንላት ሰው ሁሉ ስለምታዝ ነው። ገና የፊት ጥርሷ አልበቀለም፣ እጥበት ማሽን ላይ ተጋድማ ሲስተርን «ያን መጋረጃ ዝጊው፣ ማሽኔን ፀሐይ ይመታዋል» ትላታለች። እኔን ደግሞ «አባባ፣ ዛሬ ከትናንት ይሻላል። ግን እንዳትኮራ» አለችኝ።

አልኮራሁም። እሺ... ትንሽ።

ጥቅምት 9

አዲሷ ዶክተር የልጆቹን ደም ወሰደች። ሁልጊዜ ከሚወስዱት የተለየ ነው አሉ፤ ብልቃጡ ራሱ ሌላ፣ ክዳኑ ሰማያዊ። ወደ ሌላ ከተማ ይላካል።

ቧንቧውን ጠየቅሁት። ቧንቧው የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ሥራውም ቧንቧ፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ለእጥበት የሚገባው ውሃ በሙሉ በሱ ማጣሪያ ነው የሚያልፈው። በዚያ ክፍል ሰው ከነጫማው ቢገባበት እንደ እናቱ ቤት ይቆጣል።

«ምን ሊፈልጉ ነው?»

«ብረታ ብረት።»

«ደም ውስጥ?»

«ደም ውስጥ። በጣም ጥቂት፣ በዓይን የማይታይ። ዚንክ፣ እርሳስ፣ ያ ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ደግሞ አሉሚኒየም... የድስትህ ዘመዶች ናቸው» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ጥቅምት 14

ዛሬ ድስቱን አጠብኩ። ስለ ድስቱ ጽፌ አላውቅም።

ሆስፒታሉ የሰጠኝ ድስቶች የማይዝጉት ናቸው፣ የሚያብረቀርቁት፣ እነ ስቴንለስ። ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሩዝ ይይዝባቸዋል፣ ይቃጠላል። እኔ የማበስለው በሚስቴ ድስት ነው። ከቆርቆሮና ከአሮጌ ሞተር አቅልጠው ከሚሠሩት አሉሚኒየም ድስቶች አንዱ ነው። ስንጋባ የገዛችው። እሷ ኩላሊቷን ስትታመም ማብሰል የጀመርኩት በሱ ነው፤ ያኔ እሳት ማብራት እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር፣ የመጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። አልጋ ላይ ሆና ትመራኛለች። «እህስ?» ትለኛለች። የሷ ቃል ነው፤ ጣፈጠ ወይ፣ ደረሰ ወይ፣ ምን ሆንክ፣ ሁሉም «እህስ» ነው።

ከሞተች በኋላ ሲስተር መጥታ «ለእሷ ያበስሉት የነበረውን ለልጆቹ ያብስሉላቸው» አለችኝ። ድስቱን ይዤ ገባሁ።

በአሸዋና በሎሚ ልጣጭ ነው የሚታጠበው፤ እሷ እንዳስተማረችኝ። ውስጡ መስታወት ይመስላል። ሎሚ ባደረበት ጠዋት ደግሞ ሳይታጠብም ያበራል። ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጥቅምት 21

አለቃዬ ቃል ጠፋባት።

ሲስተርን ልታዝ ነበር። «ያን... ያን... መጋ... » አለችና ቀረች። አፏ ይሠራል፣ ቃሉ አይወጣም። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜአለሁ። «መጋረጃውን?» ብላ ሲስተር ልትረዳት ሞከረች። ተናደደች። «ራሴ ነኝ የምለው!» አለች። እሱን ደህና አድርጋ አለችው። መጋረጃውን ግን አላለችውም።

ሲስተር «ደክሟት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ማንኪያውን ሳቀብላት እጇ እርግብግብ አለ። ሩዙ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። አየችኝ። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ጥቅምት 22

ስጸልይ ያቺ እጅ ፊቴ ድቅን አለች። የማን እጅ እንደሆነ ለየሁት... የአለቃዬ አይደለም፤ የሚስቴ ናት።

ኅዳር 2

የደሙ ውጤት መጣ። ዶክተሯ ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበችን፤ ነርሶቹን፣ ጽዳቶቹን፣ ቧንቧውን፣ እኔን። ወንበር የለም፣ ቆመን ሰማን።

አንዱ ብረት አንሷቸዋል፣ ሁለቱ በዝተውባቸዋል። ያነሰው ዚንክ ነው። የበዛው እርሳስ፣ እሱ በመጠኑ። አሉሚኒየም ግን በጣም። በሁሉም ልጆች። በአለቃዬ ከሁሉም ይብሳል።

«ዚንክ ቢያንስ ምን ያደርጋል?» አለች ሲስተር።

«ምላስ ጣዕም ያጣል። ምግብ የሚገፉት አንድም ለዚህ ነው። እሱ ቀላል ነው፣ የሚዋጥ እንሰጣቸዋለን።»

የሚዋጥ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሎሚ ስጨምቅ፣ መፍትሔው አንዲት ክኒን ነበረች?

«አሉሚኒየሙስ?»

«አጥንት ውስጥ ይገባል፣ አጥንቱን ያደክማል። ሲብስ አንጎል ይደርሳል። ንግግር ይይዛል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ጤነኛ ሰው በሽንቱ ያስወጣዋል። እነዚህ ልጆች ሽንት የላቸውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል።»

ሰው ሁሉ ወደ ቧንቧው ዞረ። እጥበት በውሃ ነዋ፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ናሙና ውሰዱ» አለ። «አሁኑኑ ውሰዱ። እኔ የማላምነውን ውሃ ልጅ ውስጥ አላስገባም።»



ንግግር ይይዛል... እጅ ያንቀጠቅጣል... አጥንት ያደክማል። ሚስቴ ስታስል ጎድኗ የተሰበረ ጊዜ፣ የዚያን ጊዜው ሐኪም «በሽታው ነው» አለኝ። ማንኪያን «እንትን» ስትል፣ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታት፣ እኔን በወንድሟ ስም ስትጠራኝ፣ «በሽታው ነው» አለኝ። አመንኩ። ለምን አላምን? በሽታው ነው።

ኅዳር 3

ዋሸሁ።

ዶክተሯ ወጥ ቤት መጣች። ብቻዋን። አንድም የቁጣ ነገር የላትም፤ «አባባ፣ ይቅርታ፣ ሁሉም ቦታ እየዞርኩ ነው» አለችኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ድስቶች አየች። አንኳኳቻቸው።

«በነዚህ ነው የሚያበስሉት?»

«በነዚህ።»

«ጥሩ። ጎምዛዛ ነገርስ? ኮምጣጤ፣ ሎሚ?»

«ከተፈቀደው ሌላ አላስገባም።»

«አይቀየሙኝ፣ ሎሚ ክፉ ስለሆነ ነው። አሉሚኒየም ካለበት ዕቃ ላይ ብረቱን ፈልቅቆ ያወጣዋል። ሆድ ውስጥ ደግሞ ወደ ደም እንዲገባ በር ይከፍትለታል። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ለነዚህ ልጆች ግን...»

ይህን ስትለኝ ጀርባዋን ማቀዝቀዣው ላይ ደገፍ አድርጋ ነበር። ድስቱ ውስጡ ነው። የነገ ድንች በሎሚ ተዘፍዝፎ። ልትከፍተው ትችላለች እያልኩ... አልከፈተችም። አመሰገነችኝ። «እርስዎን አምናለሁ» አለች። ወጣች።

ድንቹን ከነውሃው ደፋሁት። እጄ አላረፈም፣ አሥሬ ያጠብኩትን መልሼ አጥባለሁ። ከኋላዬ ሰው ያለ መሰለኝ። ዞር ብል ማንም የለም። ግን «እህስ?» ያለኝ ሰው አለ። እምላለሁ፣ አለ።

ኅዳር 4

ሎሚ አቆምኩ። ድስቱን ቤት ይዤው መጣሁ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተመለከትኩት። አነሳሁት። ቀለለኝ።

አዲስ ሆኖ ከገበያ ስናመጣው ተቀባብለን ነበር የተሸከምነው፤ እሷ «ክንዴ ረገፈ» እያለች ስታማርር ትዝ ይለኛል። ዛሬ በአንድ እጄ አነሳሁት። እኔ አርጅቻለሁ፣ ጉልበት አልጨመርኩም። ታዲያ የጎደለው የት ሄደ? ጠርዙን ዳሰስኩት፣ ስስ ነው። ታቹን ወደ መስኮት አድርጌ አየሁት፣ ጎርጉዷል። ዕቃ ነው፣ ማንም ቆርሶ አልወሰደውም።

ተበልቷል።

በማን? አውቃለሁ በማን።

ኅዳር 7

ልጆቹ አይበሉም። በስቴንለሱ ቀቀልኩ፣ እንደ ትእዛዙ። ሳህኑ ሙሉ ይመለሳል። የዚንኩ መድኃኒት ገና አልመጣም፣ ተጠይቋል ነው የሚሉት።

«አባባ... ይሄ የ... የሌላ ሰው ነው» አለችኝ አለቃዬ። እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ ፈንቅላ ነው የምታወጣው።

«የኔ ነው፣ የኔ እመቤት።»

«አትዋሸኝ።»

አጠገቧ የተኛው ልጅ «አባባ አኩርፎ ነው፣ እኛን ለመቅጣት» አለ። ተሳሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ።

ልጅቷ ብትጠላኝ ይሻላል እያልኩ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ልክ አሁን እውነት የተናገርኩ ይመስል።

ኅዳር 10

ልጄ ጋ ደወልኩ። ስለ ልጆቿ አወራን፣ ስለ ባሏ ሥራ። ከዚያ ጠየቅኳት።

«እናትሽ በመጨረሻ... ምላሷ ሲተሳሰር ታስታውሻለሽ?»



«አባዬ፣ ዛሬ ምን አመጣው?»

«እንዲሁ። መቼ እንደጀመራት ላስታውስ ብዬ። እጥበት ስትጀምር ደህና ነበረች አይደል? ታወራ ነበር።»

«ታወራ ነበር። አንተ ነህ እኮ ዝም በይ የምትላት።» ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «አንተ ማብሰል ከጀመርክ በኋላ ጥሩ ትበላ ነበር። እኔ ያን ነው የማስታውሰው። ከማንም አትበላም፣ ካንተ ብቻ። እሱን ያዝና ሌላውን ተወው።»

አንተ ማብሰል ከጀመርክ በኋላ።

ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቹ ጮኹባት፣ «በኋላ እደውላለሁ» አለች። ደስ አለኝ። ስልኩ በመዘጋቱ ደስ አለኝ! ምን ዓይነት አባት ነኝ?

ኅዳር 12

የሚስቴን ፎቶ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። መልሼ አቀናሁት። መልሼ አዞርኩት።

ኅዳር 13

የእጥበት ክፍሉ ሊዘጋ ነው።

የመጀመሪያው የውሃ ናሙና ንጹሕ ነው ተባለ። ግን ዶክተሯ አላመነችም፤ ሌላ ቦታ ደግማ ልካለች፣ እሱ ደግሞ ብዙ ይቆያል። «ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ልጆቹን እዚህ ውሃ ላይ አላቆያቸውም» አለች። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ተከፋፍለው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። ቧንቧው ከሥራ ታገደ። ለጊዜው ነው ይላሉ። ሰው ግን በኮሪደር ሲያልፍ አያየውም።

ወጥ ቤት መጥቶ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት።

«አንተ ነህ የቀረኸኝ» አለ።

ስኳር ጨመርኩለት።

«ማጣሪያውን ሦስቴ ፈታሁት። እያንዳንዷን ቧንቧ። ሁሉም ፕላስቲክ ነው፣ አንድ ብረት የለውም። ግን እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ፣ ታውቃለህ? ሚስቴ ትላንት "አንተ እኮ ትረሳለህ" አለችኝ። እረሳለሁ እንዴ?»

«አትረሳም።»

«አንተ ብቻ ነህ እንዲህ ያልከኝ።»

ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። በብርጭቆው የቀረውን እያየሁ ቆምኩ።

የአለቃዬ አባት ዘንድ ደረስኩ ከዚያ። ጫኝ አውራጅ ነው፤ ልጁን በጀርባው አዝሎ ነው የሚያመጣት፣ ሲያወርዳት እንደ ዕንቁላል ነው። መጠበቂያው ወንበር ላይ ነበር። «እንግዲህ ሰኞ ጉዞ ነው?» አልኩት።

«ማን ይጓዛል፣ አባባ? እናቷ የለችም። ሌሎቹን ልጆች ለማን ጥዬ? እዚያ ማን ያውቀኛል፣ የት አድራለሁ?»

«ታዲያ?»

«የሚሄዱት ይሂዱ። እኛ ቤታችን እንቀራለን።»

ቤታችን እንቀራለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ያለ እጥበት የምትቆየው ጥቂት ቀን ነው።

ኅዳር 14

ለራሴ የምለውን ሁሉ ልጻፈው፣ ከፊቴ ይሁን።

ሎሚውን አቁሜአለሁ፣ ድስቱም ቤት ነው፣ ከእንግዲህ ክፉ ነገር አይገባባቸውም። ደግሞ ድስቱ መሆኑን ማን ያውቃል? ውሃውም ሊሆን ይችላል። መድኃኒታቸውም ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ብናገር ልጆቹን አላይም። ወላጆቹ ይረግሙኛል። ልጄ እናቷን በምን ዓይን ነው ከዚህ በኋላ የምታስታውሳት... እኔንስ?

አነበብኩት። አንዱም ስለ አለቃዬ አይናገርም። ሁሉም ስለ እኔ ነው።

ተንበርክኬ ነበር ጠዋት። ለእግዚአብሔር ሁሉንም ነገርኩት፣ አንድ አላስቀረሁም። ቀሎኝ ተነሳሁ። ከዚያ አፈርኩ። እሱ ቀድሞም ያውቅ ነበር፤ ለሚያውቅ መንገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? የማያውቁት አሉ። እነሱ ኮሪደር ላይ ናቸው።

ኅዳር 15

ዶክተሯ ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ። አልጠበቅኩም።

ሊጠበቅ ይችል ነበር።

ኅዳር 16

እጥበት ቀን። አለቃዬ ዛሬ ማንንም አላዘዘችም። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወድቆ፣ መጋረጃው ክፍት፣ ዝም ብላ ተጋድማለች። ሄጄ ዘጋሁላት። ቀና ብላ አየችኝ፣ «አልኩህ እንዴ?» የምትል ትመስላለች። ግን አላለችም። ሞክራ ነበር... ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር።

ሚስቴም የመጨረሻውን ሰሞን እንዲህ ነበረች። የምትለው እያላት። እኔ ደግሞ በማንኪያ አፏን እየዘጋሁ።

ነገ።

ኅዳር 17

ተናገርኩ።

ድስቱን በከረጢት አድርጌ፣ ከጓሮዬ ዛፍ የቆረጥኳቸውን ሎሚዎችም ጨምሬ ሄድኩ። ቧንቧው ዶክተሯ ፊት ተቀምጧል፤ የውሃ ክፍሉን ቁልፍ ሊያስረክብ መጥቶ። «ውጪ ልጠብቅ?» አለኝ። «አይ፣ አንተም ስማ» አልኩት።

ድስቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። አሳምሬ ልናገር ብዬ መንገድ ላይ ስለማመድ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ። «የማበስለው በዚህ ነበር» አልኩ። «ድንቹን በሎሚ አሳድርበታለሁ። እርስዎ ሲጠይቁኝ ዋሽቻለሁ።»

አልጮኸችም። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ በሽተኛ እንደሚጠየቅ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሥራ ከገባሁ ጀምሮ።»

«ሁሉም ልጆች ይበሉታል?»

«ሁሉም። አለቃዬ ትደግማለች።»

«እኔ ወጥ ቤት የመጣሁ ቀን የት ነበር?»

«ማቀዝቀዣው ውስጥ። ተደግፈውት ነበር።»

ዓይኗን ጨፈነች። ጓንት አደረገች፣ ድስቱን አነሳችው። ክብደቱን እየመዘነች መሰለኝ፤ ወይም እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው። ውስጡን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ስልክ አነሳች። ለማን እንደደወለች አላውቅም፣ «የሰኞውን አቁሙት... አዎ፣ ሁሉንም... ምንጭ አግኝተናል መሰለኝ፣ ዕቃውን ለምርመራ እልካለሁ» ስትል ሰማሁ።

ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «አሉሚኒየሙን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት አለ። እየገባ እያለ ማውጣቱ ስለማይረባ ነው ያልጀመርኩት። አሁን እጀምራለሁ።»

«ምላሷ ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል። ቃል አልገባልዎትም።»

ከዚያ ስለ ሚስቴ ጠየቅኳት። በዚያው ድስት፣ በዚያው ሎሚ፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ እንዳበላኋት። የነበራትን ሁሉ ነገርኳት፤ ምላሷን፣ እጇን፣ ጎድኗን። አይደለም እንድትለኝ ፈልጌ ነበር፤ አልክድም።

«አላውቅም፣ አባባ» አለች። «ሊሆን ይችላል። አሁን የሚያውቅ ሰው የለም።»

ቧንቧው ወደ እኔ ዞረ። «በርጩማህ ላይ ተቀምጬ» አለኝ። «ሻይ እየሰጠኸኝ።»

«አዎ።»

«"አትረሳም" አልከኝ።»

«አዎ።»

ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ወጣ። በሩን አልወረወረውም። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ወጥ ቤቱን ለሌላ ሰው አስረከብኩ፤ አስተዳደሩ እስኪወስን እቤት እንድቆይ ተነግሮኛል። ዶክተሯ «ለወላጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ለአንዱ እኔ ልንገረው» አልኳት።

የአለቃዬ አባት ያው ወንበሩ ላይ ነበር፣ የልጁን ጫማ ጭኑ ላይ አድርጎ። አጠገቡ ልቀመጥ ብዬ ተውኩት፣ ቆሜ ነገርኩት። ሎሚውን፣ ድስቱን፣ ለዶክተሯ መዋሸቴን፣ ከዋሸሁ በኋላ ዝም ማለቴን። ልጁ ቃል የጠፋባት በእኔ እንደሆነ። ሰኞ የትም መሄድ እንደማያስፈልጋት።

እጁን እያየሁ ነበር። ትልቅ እጅ ነው፣ ኩንታል የሚያነሳ። ቢመታኝ አልሸሽም ብዬ ወስኜ ነበር የመጣሁት። እጁ ጫማዋ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ትበላልዎ ነበር?» አለኝ።

ጥያቄው አልገባኝም መጀመሪያ።

«ድንቹን። ትበላው ነበር?»

«ጠርጋ ትበላ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ረጅም ጊዜ ነቀነቀ። «እቤት እምቢ ትለኛለች» አለ። «ማታ ማታ የምጽናናው እዚያ እኮ ትበላለች እያልኩ ነበር።»

ከዚያ ጫማዋን አንስቶ ወደ ሌላኛው ጎኑ አዛወረው፣ ከእኔ ራቅ አድርጎ።

«አሁን ይሂዱልኝ፣ አባባ።»

ሄድኩ።